የጎረቤት ክለብ ብር ለምን ያንገበግባል?

ከደሴ ተነስቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ ሐይቅ ከተማ ይደርሳል። ከሐይቅ አልፎ የአምባሰል ወረዳ መቀመጫ የሆነችውን ውጫሌን፣ ከዚያም ውርጌሳንና መርሳን ተሻግሮ ወልዲያ ይገባል። በዚህ መንገድ ጫፍ ላይ በጥር ወር 2009 ዓ.ም. አገር ያነጋገረ ነገር ታየ። 25 ሺህ ያህል ተመልካች የሚይዝ፣ ከ500 ሚሊዮን ብር በላይ የፈሰሰበት ስታዲየም ወልዲያ ላይ ተመረቀ። ያሠሩት በደሴ ተወልደው በወልዲያ ያደጉት ባለሀብት ሼህ መሐመድ ሁሴን አል አሙዲ ሲሆኑ፣ ስታዲየሙም በስማቸው ተጠርቷል። የወልዲያ ክለብም በዚያው ዓመት ፕሪምየር ሊግ ውስጥ ነበር።

በዚያን ሰሞን በሐይቅና በአምባሰል የሚኖር የኳስ ወዳጅ በሁለት ልብ ቢሆን አይፈረድበትም። በአንድ በኩል የወሎ ምድር እንዲህ ያለ ሜዳ በማግኘቱ ይኮራል። በሌላ በኩል ያው ሰው የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊ ከሆነ፣ የእኚሁ ባለሀብት ገንዘብ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ስንት ዋንጫ እንዳስገኘ እያሰበ ሲበሳጭ የኖረ ነው። የአንድ ኪስ ብር ወልዲያ ላይ ሲወርድ ኩራት፣ አዲስ አበባ ላይ ሲወርድ ደግሞ ቁጭት ይሆናል። ለመሆኑ ይህ ምንድን ነው? ተራ ምቀኝነት ነው ወይስ የገበያ ሕግ አለበት? የዛሬው ጽሑፋችን ይህንን ይመለከታል።

ኳስ እንደ ሌላው ንግድ አይደለም

በአንድ ከተማ ገበያ ላይ አዲስ ነጋዴ ብዙ ገንዘብ ይዞ ቢመጣ ተወዳዳሪዎቹ ቅር ይላቸዋል። ገበሬው ግን እህሉን በተሻለ ዋጋ ይሸጣል፣ ሸማቹም ምርጫ ያገኛል። ገበያው ከሰፋ ደግሞ ነባሩም አዲሱም ነጋዴ ተያይዘው ሊያድጉ ይችላሉ። አንዱ ስላተረፈ ሌላው የግድ አይከስርም።

የእግር ኳስ ሊግ እንዲህ አይደለም። 16 ክለቦች ቢወዳደሩ ዋንጫው አንድ ነው። ሁሉም ክለቦች ገንዘባቸውን በእጥፍ ቢያሳድጉ እንኳ በዓመቱ መጨረሻ አንዱ አንደኛ፣ አንዱም መጨረሻ ይሆናል። ስለዚህ የጎረቤት ክለብ ሀብታም መሆን ለሌላው ክለብ ደጋፊ የሩቅ ወሬ አይደለም። የራሱ ክለብ ቁልቁል ወረደ ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር የተጫዋች ዋጋ ነው። ጥሩ አጥቂ እንደ ስሚንቶ ፋብሪካ ተከፍቶ የሚመረት ዕቃ አይደለም። በአንድ ዓመት ውስጥ ሊጉ ላይ ያሉት ጥሩ አጥቂዎች ቁጥር የተወሰነ ነው። አንድ ክለብ ለአጥቂ የሚከፍለውን በእጥፍ ሲያሳድግ፣ የሌላው ክለብ አጥቂም በማግስቱ ኮንትራቱን ይዞ ቢሮ ይገባል። ክለቡ ወይ ይጨምርለታል፣ ወይ ይሸኘዋል። ባለ አዲሱ ብር የሚከፍለው ለራሱ ተጫዋቾች ብቻ ቢሆንም፣ የዋጋው ጭማሪ ግን ለሁሉም ይደርሳል። ደጋፊው ይህንን በሂሳብ ቋንቋ ባይናገረውም በሚገባ ያውቀዋል። «ገበያውን አበላሹት» ሲል የሚናገረው እውነቱን ነው።

እንግዲህ የደጋፊው ብስጭት ግማሹ ቅናት ከሆነ፣ ግማሹ ሳይጠየቅ የተላከለት የሂሳብ ደረሰኝ ነው ማለት ይቻላል።

ነባር ሀብትና አዲስ ሀብት

የሚገርመው ነገር ደጋፊ የሚጠላው ሀብትን ሁሉ አለመሆኑ ነው። የሚጠላው አዲሱን ሀብት ነው።

ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. በአየለ አትናሽና በጆርጅ ዱካስ የተመሠረተ የአገሪቱ አንጋፋ ክለብ ነው። ከ1990 እስከ 2009 ዓ.ም. ድረስ በተደረጉት 20 የፕሪምየር ሊግ ውድድሮች 14ቱን ጊዜ ዋንጫ የበላው እሱ ነው። የቀሩትን 6 ዋንጫዎች መብራት ኃይል ሁለት፣ ሐዋሳ ከነማ ሁለት፣ ኢትዮጵያ ቡና አንድ፣ ደደቢት አንድ ተካፍለውታል። የቡና ደጋፊ በጊዮርጊስ ላይ ያለው ቁጭት የታወቀ ነው። ቢሆንም «ጊዮርጊስ ማነው? ከየት መጣ?» አይልም። ታሪኩን አይክድም፤ የሚቆጨው የራሱ ክለብ በ2003 ዓ.ም. ከበላው አንድ ዋንጫ በላይ ይገባው እንደነበር እያሰበ ነው።

በደደቢት ላይ የተነሳው ወሬ ግን ሌላ ነበር። ደደቢት ስመ ጥር ተጫዋቾችን እየሰበሰበ፣ እነ ጌታነህ ከበደን ይዞ በ2005 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሲሆን፣ የነባሮቹ ክለቦች ደጋፊዎች ጥያቄ «ደጋፊው የታል? ሰፈሩስ የት ነው?» የሚል ነበር። ሰፈርና ትዝታ የሌለው ክለብ በብር ብቻ አናት ላይ ሲወጣ፣ ወረፋ ጠብቆ የቆመ ሰው ከኋላው መጥቶ በፊቱ የገባበትን ያህል ይሰማዋል።

ይህ የእኛ አገር ጠባይ ብቻ አይደለም። ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2009 በአንድ የመጠጥ ኩባንያ ገንዘብ የተቋቋመው ላይፕዚግ በ2016 ከፍተኛው ሊግ ሲገባ፣ የነባር ክለቦች ደጋፊዎች ሜዳው ድረስ ላለመሄድ አድመውበት ያውቃሉ። በዚያ አገር ደንብ የክለቡ አባላት ከግማሽ በላይ የሆነውን ድምፅ መያዝ አለባቸው። ደጋፊዎቹን ያስቆጣቸው ክለቡ የደንቡን ፊደል አክብሮ መንፈሱን ጥሷል የሚለው ነበር።

ጊዜ ሲያልፍ ግን አዲሱም ሀብት ነባር ይሆናል። ዛሬ የባለ ብሮችን ክለቦች አጥብቆ የሚያማው የአርሴናል ደጋፊ፣ የራሱ ክለብ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ «የእንግሊዝ ባንክ ክለብ» እየተባለ ይታማ እንደነበር ስንቱ ያስታውሳል?

የሐይቁ የአርሴናል ልጅና የሲቲ ብር

አርሴናል ከተነሳ ወደ ሐይቅ እንመለስ። እንደ ማንኛውም የአገራችን ከተማ እዚያም ቅዳሜና እሁድ የእንግሊዝ ኳስ የሚታየው ዲኤስቲቪ ባለበት ቤት ነው። ወንበሩን የሚሞሉት የአርሴናልና የማንቼ ልጆች ናቸው። በእነዚህ ቤቶች ውስጥ «በብር የተገዛ ዋንጫ» የሚለው ክርክር ሳይነሳ የሚያልፍ ሳምንት የለም።

ክርክሩ መነሻ አለው። ቼልሲ እ.ኤ.አ. በ2003 በሩሲያዊው ሮማን አብራሞቪች ሲገዛ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ከ50 ዓመት በኋላ የሊጉን ዋንጫ በላ። ማንቸስተር ሲቲም በ2008 በአቡ ዳቢ ባለሀብቶች ተገዝቶ በ2012 ከ44 ዓመት በኋላ ሻምፒዮን ሆነ። የአርሴናል ደጋፊ በዚህ መካከል የተወሰደበትን በስም ይቆጥራል። አሽሊ ኮል በ2006 ወደ ቼልሲ፣ አዴባዮርና ኮሎ ቱሬ በ2009 ወደ ሲቲ፣ ክሊሺና ናስሪ በ2011 ወደ ሲቲ ሄደዋል። ቀደም ሲል የተናገርነው የዋጋ ነገር ይኸው ነው። ባለ አዲሱ ብር ሲመጣ የነባሩ ክለብ መደርደሪያ ይራቆታል።

ነገር ግን የሐይቁ የአርሴናል ልጅ አንድ የማያስተውለው ነገር አለ። ኳስ ለማየት የሚከፍለው ብር የት ይደርሳል? ብሩን የተቀበለው ባለ ቤት ለዲኤስቲቪ ወርሃዊ ክፍያውን ይከፍላል። የዲኤስቲቪው ኩባንያ ደግሞ ጨዋታውን ለማሳየት መብቱን ከእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ ይገዛል። ሊጉ ከውጭ አገር ሽያጭ የሚያገኘውን ገንዘብ አብዛኛውን ለ20ዎቹ ክለቦች እኩል ያካፍላል፤ በደረጃ የሚለያየው ቀሪው ነው። ስለዚህ የአርሴናሉ ልጅ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲቲን ሲሰድብ ለሲቲም እየከፈለ ነው። ጠቡ ራሱ የሚሸጥ ዕቃ ነው። ሰው የማይጠላው ክለብ ባይኖር ቤቱ እንዲህ አይሞላም ነበር።

የእንግሊዞቹ ብልሃት ያለው እዚህ ላይ ነው። ሀብታሙን ክለብ ሀብታም እንዳይሆን አልከለከሉትም፤ ከጋራው ማዕድ ግን ደካማውም ድርሻ እንዲያገኝ አድርገዋል።

በእኛ አገር ብሩ ከየት ይመጣል?

የእኛ ክለቦች የገንዘብ ምንጭ ባጭሩ ሦስት ኪስ ነው ማለት ይቻላል። አንደኛው የባለሀብት ኪስ ነው፤ ቅዱስ ጊዮርጊስና ወልዲያ ለዚህ ምሳሌ ናቸው። ሁለተኛው የመንግሥት ወይም የመንግሥት ድርጅት ካዝና ነው። የከተማ አስተዳደር ክለቦች፣ የባንክ፣ የመድን፣ የመብራት፣ የመከላከያ ክለቦች ሁሉ እዚህ ይመደባሉ። ሦስተኛው የደጋፊው ኪስ ነው። የመግቢያ ትኬት፣ የአባልነት መዋጮና የማሊያ ሽያጭ ማለት ነው።

ከሦስቱ ትንሹ የደጋፊው ኪስ ነው። ይህም አንድ ችግር ያስከትላል። ደጋፊ የማይከፍልበት ክለብ ደጋፊውን አይፈራም። ተጫዋች በስንት ተገዛ፣ ለአሰልጣኝ ስንት ተከፈለ ተብሎ ቢጠየቅ መልስ የመስጠት ግዴታ የሚሰማው ሰው አይገኝም።

ሁለተኛው ኪስ ያመጣው ለውጥ ከሁሉም የበለጠ ነው። የክልል ከተሞች ለክለቦቻቸው ገንዘብ መመደብ ሲጀምሩ የአዲስ አበባ ክለቦች የበላይነት ተነቃነቀ። ጅማ አባ ጅፋር በሊጉ የመጀመሪያ ዓመቱ፣ በ2010 ዓ.ም. ዋንጫ በላ። በ2011 መቀሌ 70 እንደርታ ሻምፒዮን ሆነ። የ2012 ውድድር በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ። በ2013 ዋንጫው የፋሲል ከነማ ሆነ። ሦስት ተከታታይ ሻምፒዮኖች ከአዲስ አበባ ውጭ ሲመጡ በፕሪምየር ሊጉ ታሪክ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ለኳሱ መልካም ነው። ለካዝናው ግን ሌላ ጥያቄ አለ። የከተማው ገንዘብ የውኃም፣ የመንገድም፣ የትምህርት ቤትም ገንዘብ ነው። የተጫዋች ደሞዝ እየናረ በመሄዱ የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ በነሐሴ ወር 2011 ዓ.ም. የተጫዋች ወርሃዊ ደሞዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ እስከ ማውጣት ደርሷል። ዋጋን በአዋጅ ማቆም ግን በእህልም በኳስም ያው ነው። ጣሪያው ሲወጣ ትርፉ በሌላ ስም ይከፈላል የሚለው ሐሜት ሳይውል ሳያድር ተከተለ።

በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የቴሌቪዥን ገንዘብ መጣ። የሊጉ አክሲዮን ማኅበር ጨዋታዎቹ በዲኤስቲቪ እንዲታዩ ለ5 ዓመት 68 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ውል ተፈራረመ። ክለቦች በየደረጃቸው የሚካፈሉት ገንዘብ ለመጀመሪያ ጊዜ ተገኘ። በዚያው ዓመት ጨዋታዎቹ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወሩ መካሄድ ጀመሩ። ለካሜራና ለወጪ ይህ ይመቻል። ነገር ግን ክለቡን በራሱ ሜዳ የማያይ ደጋፊ ትኬት አይቆርጥም፤ ሦስተኛው ኪስ ይባስ ሳሳ።

ብሩ የሄደ ቀን

ባለ አዲስ ብር ክለብን የሚያማ ሰው ዘወትር የሚለው «ቆይ፣ ብሩ ሲያልቅ እናያለን» ነው። ክፉ ምኞት ቢመስልም ታሪክ ብዙ ጊዜ ደግፎታል።

እንግሊዝ ውስጥ ብላክበርን በብረታ ብረት ነጋዴው ጃክ ዎከር ገንዘብ እ.ኤ.አ. በ1995 ሻምፒዮን ሆኖ በ1999 ከሊጉ ወረደ። ደደቢት በ2005 ዓ.ም. ዋንጫ በልቶ በ2011 ወረደ። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዋንጫ በልቶ በ2014 ወረደ።

የወልዲያም ነገር አለ። ወልዲያ በ2009 ዓ.ም. ወደ ሊጉ የገባው ከፋሲል ጋር እኩል ነው። ሼህ አል አሙዲ በጥቅምት ወር 2010 ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ተይዘው እስከ ጥር 2011 ታስረው ቆዩ። ወልዲያም በ2010 ውድድር መጨረሻ ወረደ። ለመውረዱ ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ከሜዳ ውጭ የነበረው ሁከትም ቀላል አልነበረም። ቢሆንም ትምህርቱ ግልጽ ነው። 25 ሺህ ወንበር ያለው ሜዳ መሥራት አንድ ጊዜ የሚደረግ ወጪ ነው። ክለብ ማኖር ግን ወር በመጣ ቁጥር የሚከፈል ደሞዝ ነው። ከእነዚህ ሁለት ክለቦች አንዱ ትልቅ ሜዳ ነበረው፤ ዋንጫ የበላው ግን ሌላው ነው።

ቁጭት መልኩን ሲለውጥ

እስካሁን የተናገርነው የሚያስቅ የሚያከራክር ነገር ነው። «ምቀኛ አታሳጣኝ» የሚለው የአበው ምርቃት ለኳስም ይሠራል፤ የሚቀናበት የሌለው ክለብ ክለብ አይባልም። ይሁን እንጂ የደጋፊ ቁጭት ሌላ ልብስ የለበሰ ዕለት ገበያም ሜዳም ይዘጋል።

በኅዳር ወር 2010 ዓ.ም. ወልዲያ ላይ የሆነው ይህ ነው። ወልዲያና መቀሌ ሊጫወቱ በተቀጠሩበት ዕለት ከጨዋታው በፊት በተነሳ ግጭት የሰው ሕይወት ጠፋ፣ ንብረትም ወደመ። ጨዋታው ሳይካሄድ ቀረ። ያ ግጭት የኳስ ቁጭት ብቻ ነበር ማለት ሞኝነት ነው፤ የፖለቲካው ትኩሳት ቀድሞ የነበረ ነው። ነገር ግን ክለቦች በከተማና በክልል ገንዘብ ሲቆሙ፣ የክለብ ውጤት የአስተዳደር ውጤት ይመስላል። «ከማን አንሰን» የሚለው ቃል ከስታዲየም አልፎ ወደ ሕዝብ ይዞራል። የባለሀብት ክለብ ቢሸነፍ የሚያዝነው ባለሀብቱና ደጋፊው ነው። በሕዝብ ገንዘብ የቆመ ክለብ ሲሸነፍ ግን የተሸነፈው ሕዝቡ ነው የሚል ሰው ይነሳል። የኳስ ገንዘብ ከየት እንደመጣ መጠየቅ የሂሳብ ሠራተኛ ጉዳይ ብቻ ያልሆነው ለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። በ2014 ዓ.ም. መባቻ ጦርነቱ ከወልዲያ እስከ ኮምቦልቻ ያለውን ይህንኑ መንገድ አቋርጦ አለፈ። ያን ጊዜ ስለ ተጫዋች ዋጋ የሚጨነቅ ሰው አልነበረም።

ለሐይቅና ለአምባሰል ምን ይተርፋል?

ሐይቅና ውጫሌ እንደ ወልዲያ ያለ ሜዳ የሚሠራላቸው ባለሀብት ነገ ላይመጣ ይችላል። የወረዳ በጀትም የፕሪምየር ሊግ ክለብ አያኖርም። ይህ ማለት ግን ከኳስ ገበያ ውጭ ናቸው ማለት አይደለም። ሀብታም ክለብ የሚገዛውን ልጅ አንድ ሰው ማፍራት አለበት።

የዓለም እግር ኳስ ማኅበር፣ ፊፋ፣ ለዚህ ያወጣው ደንብ አለ። አንድ ተጫዋች ከአንድ አገር ፌዴሬሽን ወደ ሌላው በገንዘብ ሲዛወር ከዋጋው 5 በመቶ ተቀንሶ ልጁ ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ለተጫወተባቸው ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ዓመት ያለው እያንዳንዱ ዓመት የዚህን 5 በመቶ አንድ ሃያኛ፣ ከ16 እስከ 23 ያለው እያንዳንዱ ዓመት ደግሞ አንድ አሥረኛ ያስገኛል። ለምሳሌ አንድ ልጅ በ1 ሚሊዮን ዶላር ቢዛወር ለአሳዳጊዎቹ የሚደርሰው 50 ሺህ ዶላር ነው። ከ12 እስከ 15 ዓመቱ ድረስ አራቱንም ዓመት አንድ የሐይቅ ቡድን ውስጥ ከነበረ የዚያ ቡድን ድርሻ 10 ሺህ ዶላር ይሆናል። ለአንድ የወረዳ ቡድን ይህ የስንት ዓመት ኳስና ማሊያ እንደሆነ አንባቢ ያስላው።

ነገር ግን ክፍያው የሚታሰበው በመዝገብ ነው። ቡድኑ በፌዴሬሽኑ የታወቀ፣ ልጁም በየዓመቱ በስሙና በትክክለኛ የልደት ቀኑ የተመዘገበ መሆን አለበት። «እኛ ነን ያሳደግነው» የሚለው ቃል ብቻውን አንድ ብር አያመጣም። በየሜዳው ልጆች የሚያሠለጥኑ ብዙ ደጎች ደብተር የላቸውም። ልጁ ትልቅ ክለብ ሲገባ የሚተርፋቸው ኩራት ብቻ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ የጎረቤት ክለብ ሀብታም ሲሆን መብሸቅ የደጋፊ መብት ነው፤ ማንም አይከለክለውም። ያ ክለብ ግን ተጫዋች ፈልጎ በሐይቅ በኩል ማለፉ አይቀርም። ያን ጊዜ የሚከፈል ሰው የሚሆነው ዛሬ መዝገብ የከፈተው ነው።